ከሥራ መልስ የሚከፈት በር፤ በሜልቦርን መሃል ስላለው የሕዝብ ኮሌጅና ስለ ተማሪዎቹ

በሜልቦርን ከተማ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በባሕር ማዶ ስላለ አንድ የትምህርት ተቋምና ለአገራችን ሊሰጥ ስለሚችለው ትምህርት ነው። እንዲህ ያለ ርእስ ሲሰጥ የተለመደው ነገር አንጋፋውንና ዝነኛውን ዩኒቨርስቲ መርጦ ስለ ሕንፃው ግርማና ስለ መምህራኑ ዝና መናገር ነው። እኛ ግን ሆን ብለን የመረጥነው ሌላውን ነው። የመረጥነው ከዚህ ከተማ መሃል ያለውን፥ ግቢው አጥር የሌለውን፥ ተማሪው ከትራም ወርዶ በቀጥታ ከክፍል የሚገባበትን፥ ሲመሠረት የቀን ሠራተኛ በማታ እንዲማርበት የታሰበውን ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ሮያል ሜልቦርን የቴክኖሎጂ ኢንስቲቱት ይባላል፤ ሰዉ በአጭሩ አር ኤም አይ ቲ ይለዋል። ዘመኑን በፈረንጅ አቈጣጠር እንጠራለን፤ በአገራችን አቈጣጠር ስንጠራ ግን ዓመተ ምሕረት ብለን እንለያለን።

ይኸን ትምህርት ቤት የመረጥንበትን ምክንያት በመጀመሪያ እንግለጽ። በአገራችን ብዙ ጊዜ «የተማረ ሰው» ስንል እጁ ከሥራ የጸዳ፥ በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ማለታችን ነው። ይህ አሳብ ስንት ልጅ እንዳባከነ፥ ወደፊትም ስንቱን እንደሚያባክን ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። አስቀድሞ ግን ሌላ ሕዝብ ይኸንኑ ጥያቄ በምን መንገድ እንደ ታገለው ማየት ይጠቅማል።

ስዋንስተን ጎዳናና ላትሮብ ጎዳና ከሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ ቆመን ዙሪያችንን ብንመለከት የዚህች ከተማ ታሪክ በጥቂት ሕንፃዎች ተጽፎ እናገኘዋለን። በአንደኛው ማዕዘን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። የተከፈተው በ1856 ሲሆን፥ ዕድሜው ከዐሥራ አራት ዓመት ያለፈና እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ገብቶ እንዲያነብ ተፈቅዶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ኮሌጁ አለ። ከኮሌጁ ጀርባ ደግሞ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራው አሮጌው የሜልቦርን ወህኒ ቤት አለ። ወደ ሰሜን ጥቂት ደቂቃ በእግር ከተጓዝን የሠራተኛ ማኅበራት መሰብሰቢያ የሆነውን ትሬድስ ሆል እናገኛለን።

እነዚህ ሕንፃዎች ዝምድና አላቸው። የቤተ መጻሕፍቱ መሥራችና የሜልቦርን ዩኒቨርስቲ የመጀመሪያው ቻንስለር የነበረው ዳኛ ሬድመንድ ባሪ፥ ኔድ ኬሊ በተባለው ሽፍታ ላይ የሞት ፍርድ የፈረደ ዳኛም ነው። ኬሊ ከአየርላንድ በግዞት የመጣ ድኻ ገበሬ ልጅ ሲሆን፥ ኅዳር 11 ቀን 1880 በዚሁ ወህኒ ቤት ተሰቀለ። እንግዲህ በዚያ ዘመን መንግሥት ለድኻ ልጅ ያሠራቸው ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ነበሩ፤ አንዱ መጻሕፍት፥ ሌላው ገመድ የሚጠብቅበት። መጻሕፍት ያለበትን በር ማለፍ የሚችል ግን ማንበብ የተማረና ለማንበብ ጊዜ ያለው ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ ለሚውል ሰው በሩ ተከፍቶም ቢሆን ተዘግቷል።

ስለዚህ የኮሌጁ ታሪክ የሚጀምረው ከኮሌጁ አይደለም፤ ከሰዓት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በተከፈተበት በዚያው ዓመት፥ ሚያዝያ 21 ቀን 1856፥ በሜልቦርን ዩኒቨርስቲ ሕንፃ ላይ ይሠሩ የነበሩ ድንጋይ ጠራቢዎች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ምክር ቤቱ ተሰለፉ። ጥያቄያቸው የሥራ ቀን ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ደመወዝም እንዳይቀነስ ነበር፤ ተሳካላቸውም። ከትሬድስ ሆል ፊት ለፊት ዛሬም የሚታየው ሐውልት በራሱ ላይ ሦስት ጊዜ ስምንት ቁጥር ተጽፎበታል። ስምንት ሰዓት ለሥራ፥ ስምንት ሰዓት ለዕረፍት፥ ስምንት ሰዓት ደግሞ ሰው ለራሱ የሚያውለው ማለት ነው። የዩኒቨርስቲውን ግንብ የሠሩት ሰዎች ከዩኒቨርስቲው ክፍል አልገቡም፤ ነገር ግን በትግላቸው ያገኙት ያ ሦስተኛው ስምንት ሰዓት ነው ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የማታ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ያስቻለው። ነጻ ማታ የሌለው ሰው የማታ ትምህርት አይኖረውም። ይህን ነጥብ አደራ እንላለን፤ ወደ ዛሬው ተማሪ ስንደርስ ያስፈልገናልና።

ትምህርት ቤቱን ያሳሰበው ፍራንሲስ ኦርመንድ የተባለ፥ በስኮትላንድ ተወልዶ በልጅነቱ ወደዚህ አገር የመጣ፥ በበግ እርባታ የበለጸገ ሰው ነው። በ1881 የሠራተኞች ኮሌጅ ይቋቋም ብሎ አሳብ አቀረበ፤ 5,000 ፓውንድም እንደሚሰጥ ቃል ገባ፤ ነገር ግን ሕዝቡ በበኩሉ ያንኑ ያህል ቢያዋጣ ነው አለ። እዚህ ላይ ባለጸጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምጽዋት ሆኖ በቀረ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራቱ ምክር ቤት አባላቱን ቀስቅሶ መዋጮውን አሰባሰበ። እንዲህ ሆኖ ሰኔ 4 ቀን 1887 የሜልቦርን የሠራተኞች ኮሌጅ ተከፈተ፤ በመክፈቻው ምሽት ብቻ 320 ሰዎች ተመዘገቡ። ስሙ የሠራተኛ ወንዶች የሚል ቢሆንም ሴቶችም ይማሩበት ነበር። ትምህርቱም ጥበብ፥ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ነበር።

ከዚህ የምንማረው አለ። በአገራችን ትምህርት ቤት ሲሠራ ሁለት ዓይነት አሠራር እናውቃለን፤ ወይ መንግሥት ከላይ ይሰጣል፥ ወይ ለጋሽ ከውጭ ይሰጣል። በሁለቱም ዘንድ ሕዝቡ ተቀባይ ነው። ተቀባይ ደግሞ ሲሰጠው እጅ ይነሣል፤ ሲነሣው ዝም ይላል። እዚህ ግን ድንጋይ ጠራቢውና አናጢው ከደመወዙ ሽልንግ ቈጥሮ ያዋጣበት ቤት ስለሆነ ቤቱን የኔ ብሎ ሊጠይቅበት ይችል ነበር። መዋጮ ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ድምፅም ነው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ስሙን ብዙ ጊዜ ለወጠ። በ1934 ተማሪዎቹ ራሳቸው አቤቱታ አቅርበው የሜልቦርን ቴክኒክ ኮሌጅ ተባለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር ሠራዊቱ ብዙ የእጅ ባለሙያና የሬዲዮ ሠራተኛ አሠለጠነ፤ ለቦፈርት የጦር አውሮፕላንም ክፍሎች ሠራ። ስለዚህና ስለ ትምህርት አገልግሎቱ በ1954 «ሮያል» የሚለውን የንጉሣዊ ማዕርግ አገኘ። በ1960 ኢንስቲቱት ተባለ፤ በ1992 በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕግ ዩኒቨርስቲ ሆነ። በ2001 ደግሞ በቬትናም በሆ ቺ ሚን ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ። ዛሬ በሁሉም ግቢዎቹ ያሉት ተማሪዎች ከዘጠና ሺህ በላይ ናቸው። እንግዲህ ከስሙ ውስጥ በመጀመሪያ ሠራተኛው ወጣ፤ ቀጥሎ ንግሥቲቱ ገባች፤ በመጨረሻም ቴክኖሎጂ ነገሠ። ይሁን እንጂ ከአርማው ላይ ያልተፋቀ አንድ የላቲን ቃል አለ፤ ትርጕሙ የሠለጠነ እጅና የታረመ አእምሮ ማለት ነው። እጅ ይቀድማል፤ አእምሮም ከእጅ አይለይም።

ግቢውም ሲሰፋ የሄደው ወደዚያ ወደ ጐረቤቱ ወህኒ ቤት ነው። ወህኒ ቤቱ በ1924 ከተዘጋ ወዲህ ከመሬቱ ብዙው ለትምህርት ቤቱ ሆነ። እስረኛ ይመላለስበት በነበረው ስፍራ ዛሬ ተማሪ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። ከወህኒ ቤቱ የቀረው ክፍል የጎብኚ መታያ ነው። በአገራችን ብዙ ጊዜ ያየነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ትምህርት ቤት በችግር ጊዜ ማጎሪያ ሲሆን እንጂ ማጎሪያ ትምህርት ቤት ሲሆን ብዙ አላየንም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። የዚህ ኮሌጅ ዋናው ነገር በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ዓይነት ትምህርት መኖሩ ነው። በአንድ ወገን የሙያ ትምህርት አለ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፥ የልብስ ንድፍና ስፌት ባለሙያ፥ በዲፕሎማ የምትሠለጥን ነርስ በዚህ ይማራሉ። በሌላው ወገን የዩኒቨርስቲ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት ድረስ ይሰጣል። ከሙያው ወገን ዲፕሎማ የያዘ ሰው የተማረው ተቈጥሮለት ወደ ዲግሪ ሊሻገር ይችላል። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1964 የማርቲን ኮሚቴ የተባለው ቡድን ለአውስትራሊያ መንግሥት ባቀረበው ሪፖርት ከዩኒቨርስቲዎች ጎን ለተግባር የቀረቡ ከፍተኛ ኮሌጆች እንዲስፋፉ አሳሰበ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሚኒስትር ዶውኪንስ ያንን ልዩነት አስቀርቶ ብዙዎቹን ዩኒቨርስቲ እንዲሆኑ አደረገ። በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል ይህ ትምህርት ቤት የሙያውን ወገን አልጣለም። ከምዕራብ ሜልቦርን ያለው ቪክቶሪያ ዩኒቨርስቲም፥ ሥሩ በ1916 የተከፈተው የፉትስክሬይ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲሆን፥ እንደዚሁ ሁለቱን ትምህርት አጣምሮ ይዟል።

ተማሪዎቹስ እነማን ናቸው? አራት ዓይነት አድርገን እንመልከታቸው።

አንደኛው፥ በቀን ከአሠሪ ዘንድ እየሠራ የተወሰኑ ቀኖች እየመጣ የሚማረው የሙያ ተለማማጅ ነው። ጫማው ሲሚንቶ የነካው፥ ገና በማለዳ ሥራ የሚገባ፥ ከሁላችንም ቀድሞ ደመወዝ የሚያገኝ እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከእኛ ጋር አይነጋገርም፤ እኛም ከእርሱ ጋር አንነጋገርም።

ሁለተኛው፥ የስደተኛና የመጤ ልጅ ነው። አባቱ ከግሪክ፥ ከቬትናም፥ ከሶማሊያ፥ ከሱዳን ወይም ከእኛው አገር መጥቶ ታክሲ ነድቶ፥ እናቱ አረጋውያን ጠብቃ ያስተማሩት ነው። ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተኛ ትምህርት የረገጠ እርሱ ነው።

ሦስተኛው፥ ዕድሜው ገፋ ያለ፥ ፋብሪካው ተዘግቶበት ወይም ልጆቿ አድገውላት እንደ ገና ለመማር የተመለሰ ሰው ነው። የ1887 ተማሪ የቅርብ ዘመዱ ይህ ነው።

አራተኛው እኛ ነን፤ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የሚማረው የውጭ አገር ሰው። ከቻይና፥ ከህንድ፥ ከኔፓል፥ ከኮሎምቢያ፥ ከአፍሪካ የመጣው ነው። በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ወደ ውጭ ከሚሸጡት አገልግሎቶች ሁሉ ትልቁ ለእኛ የሚሸጠው ትምህርት ነው። በሌላ አነጋገር፥ እኛ ለዚህ አገር ተማሪም ነን፤ ገበያም ነን።

በዚህ በአራተኛው ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የተማሪ ቪዛ ለማግኘት ማመልከቻው ብቻ እስከ 2024 አጋማሽ 710 ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት 1,600 ሆነ፤ በሐምሌ 2025 ደግሞ 2,000 ሆነ። አመልካቹ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 29,710 ዶላር እንዳለው እንዲያሳይ ከግንቦት 2024 ጀምሮ ተደንግጓል። ከሐምሌ 2023 ወዲህ ደግሞ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ48 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 24.95 ዶላር ነው። በሳምንት 24 ሰዓት ቢሠራ፥ ግብር ሳይቀነስ ወደ 599 ዶላር ይሆናል። መንግሥት ራሱ ለመኖሪያ ይበቃል ያለው ሲካፈል በሳምንት 571 ዶላር ነው። ልዩነቱ 28 ዶላር ነው። ለዲግሪ የሚከፈለው ግን በዓመት ብዙ ጊዜ ከሠላሳ ሺህ ዶላር ይበልጣል። በሕግ የተፈቀደለትን እስከ ጫፍ ሠርቶ፥ የሚገባውን ደመወዝ ሳይጎድልበት ቢቀበል እንኳ፥ ኖሮ እንጂ ተምሮ አያድርም። ስለዚህ ወይ ቤተሰቡ መሬት ሸጦ ይልክለታል፥ ወይ ከሕግ ውጭ ሰዓት ይሠራል። ከሕግ ውጭ የሠራ ሰው ደግሞ ደመወዙ ቢጎድል ለማን ይከሳል? ቢከስ ቪዛዬ ይሄድብኛል ብሎ ይፈራል። ሌሊቱን ዕቃ ሲያመላልስ አድሮ፥ ጠዋት ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ላይ ራሱን ደፍቶ የሚያንቀላፋውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰነፍ አንበለው።

አደራ ያልነው ነጥብ ይህ ነው። በ1856 ድንጋይ ጠራቢዎች ያስከበሩት ሦስተኛው ስምንት ሰዓት ለዚህ ልጅ የለውም። ኮሌጁ ማታም ክፍት ነው፤ መብራቱም ይበራል፤ ማታው ግን የእርሱ አይደለም።

የአገሬው ልጅስ? የእርሱም ነገር ወጣ ገባ አለው። በ1974 የዊትላም መንግሥት የዩኒቨርስቲን ክፍያ አስቀርቶ ነበር። በ1989 ክፍያው ተመለሰ፤ ነገር ግን በብድር መልክ ሆኖ፥ ተመራቂው ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በግብር በኩል እንዲከፍል ተደረገ። ይህ አሠራር ድኻው ከበሩ ላይ እንዳይመለስ ረድቷል፤ ልንክደው አይገባም። ዳሩ ግን ብድሩ ከኑሮ ውድነት ጋር እየተመዘነ ስለሚያድግ በ2023 በአንድ ጊዜ 7.1 በመቶ ከፍ አለ። ብዙ ወጣት ዓመቱን ሙሉ ከፍሎ ዕዳው ከመነሻው በልጦ አገኘው። ጩኸቱ በመብዛቱ በ2024 አመዛዘኑ ተሻሻለ፤ በ2025 ደግሞ ምክር ቤቱ ከዕዳው 20 በመቶ እንዲሰረዝ ወሰነ። በሙያ ትምህርት በኩልም የቪክቶሪያ መንግሥት ከ2019 ጀምሮ ለተመረጡ ሙያዎች ክፍያውን አንሥቷል። የተማሪ ድምፅ ሲሰበሰብ ውጤት እንዳለው ከዚህ መረዳት እንችላለን።

የዚህ ነገር ዘመድ በአገራችንም አለ። በ2003 በኢትዮጵያ የተደነገገው የወጪ መጋራት ሥርዓት በአሳቡ ከዚሁ ከአውስትራሊያው ብድር ጋር የተቀራረበ ነው። ልዩነቱ፥ እዚህ ተመራቂ ከደመወዙ ይከፍላል፤ እዚያ ተመራቂ በመጀመሪያ ደመወዝ የሚከፍለው ሥራ ማግኘት አለበት። ሕግ ከአገር ወደ አገር መቅዳት ቀላል ነው፤ ሕጉ የቆመበትን መሬት ግን ቀድቶ መውሰድ አይቻልም።

አሁን በዚህ ከተማ ስላሉት ወገኖቻችን ጥቂት እንበል። ከዚህ ግቢ በእግር ከሚደረስበት ከካርልተን ጀምሮ በሰሜን ሜልቦርንና በፍሌሚንግተን ያሉት ረጃጅም የመንግሥት ቤቶች ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰብ ያኖራሉ። ሐምሌ 4 ቀን 2020፥ በወረርሽኙ ጊዜ፥ በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልቦርን ያሉ ዘጠኝ ሕንፃዎች ያለ ማስጠንቀቂያ በፖሊስ ተዘጉ፤ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ከበሩ እንዳይወጣ ተደረገ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የክፍለ ግዛቱ እንባ ጠባቂ አድራጎቱ ሰብዓዊ መብትን የጣሰ ነው ብሎ ወሰነ። በ2023 ደግሞ መንግሥት አርባ አራቱንም ሕንፃዎች እስከ 2051 አፍርሶ እንደሚሠራ አስታወቀ። በእነዚህ ቤቶች ያደገ ልጅ ከመስኮቱ ሆኖ የዚህን ከተማ ኮሌጆች ሕንፃ ያያል። ለማየት ቅርብ ነው፤ ለመግባት ግን መንገዱን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል።

ይኸን የምንለው እንዲያው አይደለም። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በድጎማ መማር ቢችልም ብድሩን አያገኝም፤ በሰብዓዊ ቪዛ የመጣ ግን ብድሩንም ያገኛል። ጕዳዩ ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ ደግሞ ነጻ የትምህርት ዕድል ካልተሰጠው እንደ ውጭ አገር ተማሪ እንዲከፍል ይጠየቃል። ይኸን ልዩነት የማያውቅ ወላጅ ልጁን «አቅማችን አይችልም» ብሎ ያስቀረዋል፤ አቅሙ ግን ይችል ነበር። ሌላውም ወላጅ ልጁ ኤሌክትሪክ መማር ሲፈልግ «አገር ጥዬ የመጣሁት ገመድ ልትጎትት ነው?» ይለዋል። ይህ ወላጅ ከአገር ይዞት የመጣው ንቀት ሻንጣው ውስጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ምንም ሳይጎድል ደርሷል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የሙያ ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1942፥ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1943 ተከፍተዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የተከፈተው ከእነርሱ በኋላ በ1950 ነው። በዘመን ቀዳሚው እጅ ነበር፤ በክብር ግን ኋለኛው ቀደመው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቀጥቃጭ፥ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፥ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ ብሎ የሰደበ ማኅበረሰብ፥ በማረሻው እያረሰ፥ በሸማው እየደመቀ ሠሪውን ናቀ። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ዐዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ንቀትን ግን ከልብ አያወጣም።

ይህ ንቀት ዛሬ የሚያስከፍለንን በቁጥር እንየው። በ2014 ዓመተ ምሕረት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት የማለፊያውን ግማሽ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መሄዱ መልካም ነው፤ ነጥባቸው ለቀረበ ተማሪዎችም የማካካሻ ትምህርት ተጀምሯል። ነገር ግን ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ልጅ በየዓመቱ «ወደቀ» ይባላል። ወዴት ወደቀ? ከየት ላይ ወደቀ? አንድ ጠባብ በር ብቻ ሠርተን፥ በዚያ ያላለፈውን ሁሉ ውዳቂ ብለን ስንሰይም፥ ጥፋቱ የልጁ ነው ወይስ የበሩ? ከእነዚህ ልጆች መካከል በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው፥ መምህር ያጡ፥ ተርበው የተፈተኑ አሉ። የሙያ ኮሌጆች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ልጁም ወላጁም ግን የሚያዩት እንደ መጽናኛ እንጂ እንደ ምርጫ አይደለም። ከዚያ ወጥቶ ወደ ዲግሪ መሻገሪያውም ጠባብ ነው፤ ቤቱም ዕቃ የጎደለው ነው።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ነገር ነው፤ እኛ እንጀራ የሌለን ሕዝብ ነን» ይሉናል። እኛ የምንመልሰው፥ የ1887ቱ ድንጋይ ጠራቢ ሀብታም አልነበረም ብለን ነው። ሌሎች ደግሞ «የሙያ ትምህርት ለድኻ ልጅ፥ የዩኒቨርስቲ ትምህርት ለባለጸጋ ልጅ ልትሉ ነው?» ይላሉ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቸልታ ልናልፈው አይገባም። የእጅ ሙያ መሻገሪያ የሌለው ግቢ ከሆነ በእርግጥ የድኻ ማጎሪያ ይሆናል። እኛ የምንለው ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ይሁኑ፥ በመካከላቸውም በር ይኑር ነው። አናጢው መሐንዲስ ሊሆን የሚችልበት፥ መሐንዲሱም አናጢውን «አንተ» ከማለት በፊት የእጁን ሥራ የሚያይበት ቤት ይሁን። የ1957 ዓመተ ምሕረት ተማሪ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲሰለፍ መሬቱን ለሚሠራበት ሰው ስጡ ማለቱ ነበር። ዛሬ ደግሞ ትምህርትን ለሚሠራበት ሰው ስጡ የምንል መሆን አለብን።

ንግግር ብቻውን ፍሬ የለውምና ሦስት አሳቦችን ለማኅበሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ በዚህ ከተማ ያለን ተማሪዎች በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው ሠፈሮች፥ ለወላጆችና ለልጆች ስለ ትምህርት መግቢያው፥ ስለ ብድሩ፥ ስለ ነጻ የሙያ ትምህርቱ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ እናስረዳ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አራት ሰውና አንድ ጠረጴዛ ይበቃል።

ሁለተኛ፥ የሥራ መብታቸው የተጓደለባቸው ተማሪዎች ወደ ሠራተኛ ማኅበራት እንዲሄዱ እንምራቸው። ያ ሐውልት የቆመው ለእነርሱም ነው። በቪዛ ያለ ሠራተኛ ከደመወዝ ሕጉ ውጭ አይደለም።

ሦስተኛ፥ ከእኛ መካከል የእጅ ሙያ የተማሩትን በዚህ ማኅበር መድረክ ላይ እናውጣቸው። እስከ ዛሬ በዚህ ቦታ የተናገርነው ሁላችንም የዲግሪ ሰዎች ነን። በሚቀጥለው ስብሰባ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፥ የልብስ ባለሙያዋ፥ አረጋዊ የምትጠብቀው እኅታችን ስለ ሥራቸውና ስለ ትምህርታቸው ይንገሩን። በየከተማው የሙያ ኮሌጅ ካሉ መምህራን ጋርም ደብዳቤ ተጻጽፈው፥ የሚያውቁትን የሚያካፍሉበትን መንገድ እነርሱ ይምሩት፤ እኛ እንጻፍላቸው።

ወገኖቻችን፤ ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ወይም ባንመለስም በጽሑፍና በገንዘብ ስንረዳ፥ ሰው የሚጠይቀን «ምን ተማራችሁ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከእርሱ በፊት ሌላ ጥያቄ ልንመልስ ይገባናል። እርሱም «ስትማሩ እነማን ውጭ ቀሩ?» የሚል ነው። የዚህችን ከተማ ዩኒቨርስቲ ግንብ የሠሩት ሰዎች ከውጭ ቀርተው ነበር፤ ልጆቻቸው ግን ውጭ እንዳይቀሩ ሌላ ቤት አሠሩ። የእኛም ሠራተኞች ልጆች ቤታቸውን ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ ውይይቱ እንለፍ፤ በሦስቱ አሳቦች ላይ ድምፅ እንዲሰጥም እንለምናለን።